ሁለተኛ ዲግሪ ለሁለተኛ ክፍል፦ ልጅን ማንበብ ማስተማር የት ይማሩታል?

የድሬ መምህርት (ጥር 12)

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በዲፕሎማ ገባሁ፤ ከዚያ በክረምት እየተመላለስኩ በአማርኛ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያዝኩ። አሁን ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ቆርጫለሁ። የቸገረኝ የትኛውን የትምህርት መስክ እንደምመርጥ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት የአንድ ልጅ ነገር ልንገራችሁ። ክፍሌ ውስጥ ሃምሳ ስምንት ልጆች አሉ፤ እሱ ከእነሱ አንዱ ነው። እናቱ ቀፊራ ገበያ ሎሚ ትሸጣለች። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሄዶ ከጎኗ ይቀመጣል፤ ሎሚውን አምስት አምስት አድርጎ መደብ መደብ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። አንድ ቀን ልገዛ ሄጄ ሁለት መቶ ብር ብሰጣቸው፣ እናቱ ገና ስታሰላ እሱ መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝ።

ይኸው ልጅ ፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ከነዜማው ይወጣዋል። ባለፈው ኅዳር ግን ለብቻው አስቀርቼ ወረቀት ላይ «ሎሚ» ብዬ ጻፍኩለትና አንብብ አልኩት። ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት፤ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ» ይላል። ሎ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ሁለተኛው ፊደል አለፈና «መ፣ ሙ፣ ሚ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «እሺ፣ አንድ ላይ ሲሆን ምን ይላል?» አልኩት። የመጀመሪያውን ረስቶታል። ጣቱን መለሰና እንደገና ከ«ለ» ጀመረ።

ሎሚ ሲሸጥ የሚውል ልጅ «ሎሚ»ን ማንበብ አቃተው። ለካ ፊደሉን የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በተራ ቁጥሩ ነው። የወዳጁን ቤት ከመንደሩ መግቢያ ጀምሮ ደጃፍ እየቆጠረ እንደሚፈልግ እንግዳ ማለት ነው።

በማግስቱ ሌሎቹንም አንድ በአንድ መጥራት ጀመርኩ። በእረፍት ሰዓት፣ ከሰልፍ በፊት፣ ባገኘሁት ቀዳዳ ሁሉ እየሠራሁ ሁሉንም ለማዳረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አሥራ ዘጠኙ እንደ እሱ ተራ ቆጣሪዎች ናቸው። ሰባቱ ደግሞ መጽሐፉን ገልጠው ቀጥ አድርገው ያነባሉ፤ ገጹን በእጄ ስሸፍንባቸው ግን ማንበባቸውን አያቆሙም! በቃላቸው ይዘውታል። ሌሎች ደግሞ አሉ፤ ቤታቸው የሚነገረው ሶማሊኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ነው። እነዚህ ፊደሉን አጥርተው ይለያሉ፣ ቃሉን አስተካክለው ይጠሩታል፣ ትርጉሙን ግን አያውቁትም። በፈተና ወረቀት ላይ ሦስቱም ዓይነት ልጆች አንድ ዓይነት ዜሮ ነው የሚያገኙት። በነፃ ዝውውር ደግሞ ሁሉም ወደ ሦስተኛ ክፍል ያልፋሉ።

ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ። ኮሌጅ ሳለሁ የልጆችን አስተሳሰብ ስላጠኑት ሊቃውንት፣ ስለ ፒያዤ ተምሬአለሁ፣ ስለ ቪጎትስኪ ተምሬአለሁ፣ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት ተምሬአለሁ። የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ሞጁሎቹንም በየዓመቱ ሞልቼ አስፈርሜአለሁ፤ ፋይሌ ከሰው ሁሉ ይወፍራል። «ሎሚ»ን ማንበብ ላቃተው ልጅ ሰኞ ጠዋት ምን እንደማደርግለት ግን ያስተማረኝ የለም።

ባልደረቦቼ «ሁለተኛ ዲግሪ ይዘሽ ሁለተኛ ክፍል ልታስተምሪ?» እያሉ ይስቃሉ። አብዛኞቹ የትምህርት አመራር ነው የሚማሩት፤ ርዕሰ መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር ያደርጋላ። አልፈርድባቸውም፣ ኑሮው ይታወቃል። እኔ ግን ከክፍል መውጣት አልፈልግም። ከፊቴ ያሉት ምርጫዎች አማርኛን ማስተማር፣ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር፣ ሥርዓተ ትምህርት እና ልዩ ፍላጎት ናቸው። የተማራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ትንሽ ልጅ ማንበብን እንዴት እንደሚለምድ ከምር የሚያስተምረው የትኛው ነው?


ጠመኔ (ጥር 12)

እህቴ፣ እኔ እንግሊዝኛን ማስተማር ነው የተማርኩት፤ ከተመረቅኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ንባብን ስለ ማስተማር አንድ ሙሉ ኮርስ ነበረን፤ ጥሩ መምህርም ነበሩን። የገረፍታ ንባብ (ዋናውን ሐሳብ ለመያዝ)፣ የአሰሳ ንባብ (አንድ መረጃ ለመፈለግ)፣ ከምንባቡ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች፣ ከምንባቡ በኋላ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ተማርን። ሁሉም ግን ማንበብ ስለሚችል ሰው ነው። ቤት የገባ ሰው ሳሎኑን እንዴት እንደሚቃኝ ተማርን፤ ደጅ ስለቆመው ልጅ ያነሣ አልነበረም።

የመመረቂያ ጽሑፌን ደግሞ ባልነግርሽ ይሻል ነበር። «የመምህራን አመለካከትና ትግበራ» የሚል ነበር። ምን ያህሉ የኢትዮጵያ የመመረቂያ ጽሑፎች «አመለካከትና ትግበራ» እንደሚሉ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ያውቃሉ። መጠይቅ በተንኩ፤ መምህራኑ ሁሉ «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አድርገው መለሱልኝ። በኮምፒውተር አሰላሁ፣ ሠንጠረዥ ሠራሁ፣ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ አንድም ልጅ ሲያነብ አልሰማሁም።

ስለዚህ የመስኩን ስም አይተሽ አትወስኚ። የኮርሶቹን ዝርዝር ከትምህርት ክፍሉ ጠይቂ። ከዚያ «የመመረቂያ ጽሑፌን ከራሴ ተማሪዎች ጋር እያስተማርኩ መሥራት እችላለሁ ወይ?» በያቸው። ፊታቸውን ካጨፈገጉ ወደ ሌላ ሂጂ። የድኅረ ምረቃ መግቢያውን ብሔራዊ ፈተናም ከአሁኑ ተዘጋጂበት፤ ብዙ ዓመት እንግሊዝኛ ሳይነካ ለቆየ መምህር ቀላል አይደለም።


አንጋፋው (ጥር 14)

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት በአንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። በእነዚያ ዓመታት ስንት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህር እንዳሠለጠንሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። እኔ ራሴ ግን አንድም ቀን አንደኛ ክፍል ገብቼ ፊደል አስቆጥሬ አላውቅም። ሁለተኛ ዲግሪዬ በሥነ ጽሑፍ ነው፤ የልቦለድ አተራረክ ተንትኜ ነው የተመረቅሁት። ባልደረቦቼም ወይ የሥነ ጽሑፍ ወይ የሥነ ልሳን ሰዎች ነበሩ። «ያስተማረኝ የለም» ስትዪ ከምትወቅሻቸው አንዱ እኔ ነኝ፤ ወቀሳውን ተቀብያለሁ።

በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተደረገው የንባብ ምዘና ውጤት ሲነገረን አስታውሳለሁ። ከ13 ሺህ የማያንሱ ልጆች አንድ በአንድ ተቀምጠው ተፈትነው ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ቁጥሩ ሲነበብ አዳራሹ ጸጥ አለ። ቀጥሎ የሻይ ሰዓት ሆነ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ሥራ ተሠርቷል፤ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ተዘጋጁ፣ መምህራንም አጫጭር ሥልጠና ወሰዱ። የእኛ የአሠልጣኞቹ የትምህርት ዝግጅት ግን ያው የድሮው ነበር።

አሁን ወደ ሎሚው ልጅ ልመለስ። ሕመሙ አዲስ አይደለም፤ የኔታ ያውቁት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን በዜማ ከቆጠረ በኋላ ለምን አቡጊዳ የሚሰጠው ይመስልሻል? «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ተራው ይፈርሳል። ተራው ሲፈርስ ዜማው አያድነውም፤ ፊደሉን በመልኩ ያላወቀ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። በዚያ ላይ የኔታ በስንደዶ መሐሉን ጠቁመው «ይህስ?» ይላሉ። እኛ ገበታውን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ስናመጣ ዜማውን ይዘን አቡጊዳውን ጣልነው። ሃምሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ትምህርት የተሰጠ ይመስላል፤ ሱፐርቫይዘሩም ደስ ብሎት ይሄዳል።

ሰኞ ጠዋት ምን ላድርግ ላልሽው፣ ገበታውን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች አስተምሪው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ይህን ሁሉ መልክ በቃል መያዝ ለሕፃን ሸክም ነው። ምልክቱን ካየ ግን ይቀልለታል። «ሉ ሙ ሱ ቡ ኑ» ብለሽ ካዕቦቹን ሰብስቢና ከወገባቸው በስተቀኝ የምትወጣዋን ጭረት አሳዪው። «ሊ ሚ ሲ ቢ ኒ» ስትዪ ጭረቷ ወደ እግር ትወርዳለች። «ሌ ሜ ሴ ቤ ኔ» ላይ ቀለበት ትሆናለች። ሩና ፉ ከሥርዓቱ ያፈነግጣሉ፤ እነሱን ለብቻ አሳዪው። ሳድስና ሳብዕ (ስድስተኛውና ሰባተኛው) ግን በየፊደሉ ስለሚለያዩ እዚያ ላይ አትቸኩዪ። ልጁ «ሎ» ላይ የደከመው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሳድስ ሌላም ተንኮል አለው። «ልብ» ብለሽ ጻፊ። ሁለቱም ሳድስ ናቸው፤ «ል» አናባቢ አላት፣ «ብ» ግን የላትም። ይህን መምህሩ ቀድሞ ካላወቀው ልጁ ለምን እንደተሳሳተ አይገባውም። መጥበቅና መላላቱም እንዲሁ ነው፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው ይሁን ጽሑፉ አይነግርሽም። የፈረንጅ የንባብ መጽሐፍ ስለዚህ አይጽፍልሽም። የምትመርጪው የትምህርት ክፍል ስለ ፊደላችን ጠባይ የሚነግርሽ ይሁን፤ የቀረውን ከፈረንጅ መጻሕፍት በትርጉም ታገኚዋለሽ።

የእኔ ምክር አማርኛን ማስተማር የሚለውን ያዢ ነው። ግን የሥነ ጽሑፍ ኮርስ የሞላበትን አትያዢ። ከልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ደግሞ ስለ መማር ችግር የሚሰጠውን ኮርስ እንድትወስጂ ለምኛቸው።


ከሜሪላንድ (ጥር 15)

ሰላም እህቴ። እኔም ድሮ አዲስ አበባ አስተማሪ ነበርኩ። አሁን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንባብ ስፔሻሊስት ነኝ። ይህ ሥራ እኛ አገር ስለሌለ ላስረዳ። የራሴ ክፍል የለኝም። ማንበብ የቸገራቸውን ልጆች ሦስትም አራትም እያደረግሁ አወጣና ለግማሽ ሰዓት ያህል አስተምራቸዋለሁ፤ ለመምህራኖቻቸውም አሳያለሁ። እዚህ በአብዛኞቹ ግዛቶች ለዚህ ሥራ የማስተማር ልምድና የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይጠየቃል።

ከትምህርቱ ሁሉ የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው። የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ አንድ ልጅ ተሰጠኝ። በሳምንት ሁለት ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሲያነብ በድምፅ እቀዳለሁ። ማታ ቤቴ እያዳመጥኩ እያንዳንዱን ስሕተት በምልክት እጽፋለሁ፤ የዘለለው፣ የተካው፣ የደገመው፣ ራሱ ያረመው። መምህሬ ወረቀቱን አይታ «ለምን እዚህ ላይ ረዳሽው? ሦስት ሰከንድ አትታገሺም ነበር?» ትለኛለች። እኔ ለካ ልጁ አፉን ሳይከፍት ነበር የምነግረው! በመስታወት ፊት የቆምኩ ያህል አፈርኩ። አንቺ በሦስት ሳምንት ያደረግሽው የዚያ ግማሹ ነው፤ ያውም ማንም ሳያዝሽ።

የአሜሪካ ትምህርት ስለሆነ ብቻ ግን አትመኚው። እኔ ስማር ልጁ ቃሉ ከቸገረው «ሥዕሉን እይና ገምት» እንድንለው ነበር የተማርነው። ዛሬ ብዙ ግዛቶች ይህን ዘዴ በሕግ እየከለከሉት ነው። ያን ያህል ገንዘብ ከፍዬ የተማርኩትን መልሼ መርሳት ነበረብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን ለሐበሻ ልጆች አማርኛ ሳስተምር ችግሩን በዓይኔ አይቻለሁ፤ «በሬ» ተብሎ ከተጻፈበት ሥዕል ፊት አንዱ ልጅ «ላም» ብሎ በኩራት አነበበልኝ።

ዲግሪ ብቻም አይደለም መንገዱ። ሚሲሲፒ የምትባለው ግዛት በትምህርት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2013 ሕግ አወጣችና በሥራ ላይ ያሉትን መምህራን ንባብ ማስተማር አሠለጠነች፤ ደካማ ወደሆኑት ትምህርት ቤቶችም አሠልጣኝ ላከች። በ2019 የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቿ የንባብ ውጤት ከአገሪቱ አማካይ ጋር ተስተካከለ። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ከሦስተኛ ክፍል እንዳያልፍም ስላደረጉ ክርክሩ አላበቃም። ቢሆንም መምህራኑ ዲግሪ ፍለጋ ከክፍላቸው አልወጡም።

የኮርስ ዝርዝሩን ካገኘሽ በኋላ እዚሁ ጻፊው፤ አብረን እናየዋለን።


የድሬ መምህርት (መጋቢት 9)

ይቅርታ፣ ቆየሁባችሁ። የሴሚስተር ፈተና፣ ከዚያም የልጄ ጉንፋን ነበር።

ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ጋ ደወልኩ። አንደኛው ጋ ያነሡት ሰው «የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነሽ? ታዲያ ሁለተኛ ዲግሪ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። ስልኩን አመስግኜ ዘጋሁ። ሁለተኛው ጋ አማርኛን ማስተማር በክረምት አለ። የኮርስ ዝርዝሩን ሰጡኝ፤ የጀማሪ ንባብን የሚመለከተው አንድ ብቻ ነው። ጠመኔ እንዳልከኝ ስለ መመረቂያ ጽሑፉ ጠየቅኩ። አንድ አስተማሪ «ልጆቹን አንድ ዓመት ተከታትለሽ የጻፍሽው መዝገብ ካለሽ እኔ አማካሪሽ እሆናለሁ» አሉኝ። ስለዚህ ክረምት ላይ እዚያው እገባለሁ፤ መዝገቡን ከወዲሁ ጀምሬአለሁ። ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር ገዝቼ ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ ሰጥቻለሁ።

ጋሼ፣ ካዕቦቹን፣ ሣልሶቹንና ኃምሶቹን እንዳሉኝ በካርቶን ቆራርጬ ሠራሁ። ካርቶኑ የዘይት ካርቶን ነው፤ ልጆቹ እያሸተቱ ይስቃሉ። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አንዱ ተራ መቁጠር ትተዋል። በመዝገቤ ላይ ቀኑን ጽፌዋለሁ። ስምንቱ ገና ናቸው (በዓሉ አይደለም)። ቃሉን እየጠሩ ትርጉሙን ለማያውቁት ግን ካርቶኑ ምንም አልፈየደላቸውም። ለእነሱ ከማንበባችን በፊት ዕቃውን ራሱን ይዤ መምጣት ጀምሬአለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ወንፊትና ሙቀጫ ተሸክሜ ስገባ ዘበኛው ድግስ ያለ መስሎት ነበር።

የሎሚው ልጅ «ሎሚ»ን አሁን ያነባል። ገና ወረቀቱን ሳወጣ «ሎሚ!» ይላል። ደስታዬ ግን ሁለት ቀን ነው የቆየው። ትናንት «ሎሌ» ብዬ ጻፍኩለት፤ ቀና ሳይል «ሎሚ» አለኝ። «ሎጋ» ብዬ ጻፍኩለት፤ እሱንም «ሎሚ» አለኝ። ለዚህስ ምን ይሉኛል?


አንጋፋው (መጋቢት 9)

ጎሽ፣ «ሎ»ን ሳይቆጥር አውቋታል፤ ይህን መዝግቢለት። የቀረውን የሚገምተው አንቺን ለማስደሰት ነው። የሚያውቀውን ቃል ከፊቱ አንሺና ትርጉም የሌለው ቃል ስጪው፤ ሊገምተው የማይችለውን። ነገ «ሚሎ» ብለሽ ጻፊለት፣ ከዚያ «ሙሌ»፣ ከዚያ «ሌሙ»። የቅዠት ቃል ነው ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ልጆች ይህን ጨዋታ ይወዱታል። የሜሪላንዷ እህታችን እንዳለችውም ሦስት ሰከንድ ዝም በይ።